በውሰት ወንበር 44 ዓመት፦ የቬትናም ዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉዳይ

ለምን ይህ ጉዳይ

ቬትናም ውስጥ ስንት ፓርቲ አለ ቢባል መልሱ አንድ ነው። እስከ 1988 ግን ሦስት ነበሩ። ይህን ፖለቲካ ለሚወድ አንድ ወዳጄ ስነግረው «ባክህ አትቀልድ» አለኝ። አልቀለድኩም። ከኮሚኒስት ፓርቲው ጎን ዴሞክራቲክ ፓርቲና ሶሻሊስት ፓርቲ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ፓርቲዎች ነበሩ። ዋና ጸሐፊ ነበራቸው። የየራሳቸው ልሳን ነበራቸው። ምክር ቤት ውስጥ ወንበር ነበራቸው። ማንም አላገዳቸውም። በ1988 ሁለቱም ታሪካዊ ተልእኳቸውን እንደፈጸሙ ተናግረው በራቸውን በገዛ እጃቸው ዘጉ።

እዚህ የማነሳው ታላቁን፣ ዴሞክራቲክ ፓርቲውን ነው። ለዘብ ያለ ግራ ዘመም የምሁራን ፓርቲ ነበር። እኛ «አጋር ፓርቲ» የምንለው ዓይነት ድርጅት እንዴት እንደሚወለድ፣ ምን እንደሚያተርፍና በምን እንደሚያልቅ ከዚህ የበለጠ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ጉዳይ አላጋጠመኝም።

አንድ ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የፓርቲውን ሰዎች ደግሞ በስም አልጠራም፤ በወንበራቸው ነው የምጠራቸው። አንዳንዶቹ ጀግና፣ አንዳንዶቹ አድርባይ ተብለው እስካሁን ያከራክራሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ወንበሩ ነው። ማንም ቢቀመጥበት የት ድረስ ያስኬደው ነበር?

ዳራው

ከ1940 ጀምሮ ቬትናም ሁለት ጌታ ነበራት። ፈረንሳይ ቅኝ ገዢ ሆና እንደተቀመጠች የጃፓን ጦር ገባ። ለቬትናም፣ ለላኦስና ለካምቦዲያ የነበረው ዩኒቨርሲቲ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሃኖይ። እዚያ ሕግና ሕክምና የሚማሩት ወጣቶች ፈረንሳይኛው እንደ ውሃ ይፈስላቸዋል። ሲመረቁ ግን ከፈረንሳዊ አለቃ በታች እንደሚቀመጡ ያውቃሉ። ቁጭታቸውን የሚወጡት በሚችሉት መንገድ ነበር። መጽሔት ያዘጋጃሉ። መዝሙር ይደርሳሉ። አያቶቻቸው ወራሪን ወዳሸነፉባቸው የጥንት የጦር ሜዳዎች የተማሪ ጉዞ ያሰናዳሉ።

በሌላ በኩል በቻይና ድንበር ተራሮች ውስጥ በ1941 ቬት ሚን የሚባለው የነጻነት ግንባር ተመሠረተ። መሪው ሆ ቺ ሚን ነው። የግንባሩ አከርካሪ በኅቡዕ የሚሠራው ኮሚኒስት ፓርቲ ነበር። ገጠሩ ውስጥ መረብ አለው። ፋብሪካዎች ውስጥ ሰው አለው። ከተማ ያለው የተማረ ሰው ግን ይፈራዋል። የመሬት ባለቤት ልጅ ወይም የነጋዴ ልጅ «የመደብ ትግል» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው የአባቱ ቤት ነው።

ኮሚኒስቶቹ ይህን ክፍተት አዩት። ከ1943 ጀምሮ በከተማ ምሁራን ላይ መሥራት ያዙ። እነዚህ ሰዎች ኮሚኒስት ሳይሆኑ የሚገቡበት በር ያስፈልግ ነበር። ሰኔ 30 ቀን 1944 ዴሞክራቲክ ፓርቲ ተመሠረተ። መሪው ሕግ የተማረ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነው። ልሳኑ «ዶክ ላፕ» ይባላል፤ ነጻነት ማለት ነው። ፓርቲው ቬት ሚን ውስጥ ገባ። ምሁሩንና ከተማ ያለውን ከበርቴና ንዑስ ከበርቴ ማሰባሰብ የሱ ድርሻ ሆነ።

ችግሩ

ስምምነቱ ሲታይ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ምሁራኑ ዕውቀትና የተከበረ ስም አላቸው፤ ጦር ግን የላቸውም፤ መንደር ድረስ የሚወርድ ድርጅትም የላቸውም። ኮሚኒስቱ ሁለቱም አለው፤ የጎደለው ከተማው የሚያምነው ፊት ነው። አንዱ ፊቱን አዋሰ፣ ሌላው ክንዱን።

ውሉ ውስጥ ያልተጻፉ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው፣ ፓርቲው አባል የሚመለምለው ከአንድ የኅብረተሰብ ክፍል ነው። ገበሬውና ሠራተኛው የሌላው ማሳ ነው። ስለዚህ ፓርቲው ምንም ያህል ቢሳካለት የሚያድግበት ጣሪያ አስቀድሞ ተሠርቷል።

ሁለተኛው ይበልጥ ስስ ነው። ከፓርቲው መሪዎች መካከል የሁለት ፓርቲ አባል የሆኑ ነበሩ። ፊት ለፊት ዴሞክራት፣ ከበስተጀርባ ኮሚኒስት። ያን ጊዜ ይህ እንደ ክፋት አይታይም ነበር። ጠላት ፈረንሳይ ነውና «ማን የማን ነው» የሚለውን የሚጠይቅ ሰው ሥራ ፈት ይመስላል። ጥያቄው ግን የትም አልሄደም።

የሄዱበት መንገድ

1945 ክፉ ዓመት ነው። በሰሜኑ ረሃብ ገብቷል። የሟቹ ቁጥር ከ400 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ይገመታል። መጋቢት 9 ጃፓኖች የፈረንሳይን አስተዳደር ገልብጠው በንጉሠ ነገሥቱ በባኦ ዳይ ስም መንግሥት አቆሙ። ነሐሴ ላይ ጃፓን ራሷ እጅ ሰጠች። ሜዳው ባዶ ሆነ።

ነሐሴ 17 ሃኖይ ኦፔራ ቤት ፊት ለፊት የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበር ሰልፍ ጠራ። ዓላማው ያለውን መንግሥት መደገፍ ነበር። መሃል ላይ ቢጫ ኮከብ ያለበት ቀይ ባንዲራ ከሰገነቱ ቁልቁል ተለቀቀና ሰልፉ የቬት ሚን ሰልፍ ሆኖ አረፈ። ይህን ትዕይንት የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። አደባባዩን የሞላው ጸሐፊ፣ አስተማሪና የቢሮ ሠራተኛ ነበር። ዴሞክራቲክ ፓርቲ የተቋቋመው ይሄንኑ ሰው ለማምጣት ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ከተማዋ በቬት ሚን እጅ ገባች።

ነሐሴ 30 ሁዌ ቤተ መንግሥት በር ላይ ባኦ ዳይ ሥልጣን ሲለቅ ማኅተሙንና ጎራዴውን ለሦስት ልዑካን አስረከበ። የወርቅ ማኅተሙ ብቻ ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከሦስቱ ልዑካን አንዱ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ስም የሚቆጠር የ26 ዓመት ገጣሚ ነበር። ከተመሠረተ ገና 14 ወሩ የሆነ ፓርቲ ነው እንግዲህ። የንጉሥ ማኅተም ርክክብ ላይ ቆሟል።

በጊዜያዊው መንግሥት ውስጥ ፓርቲው ጥሩ ድርሻ አገኘ። የተማሪዎቹ መሪ የወጣቶች ሚኒስትር ሆነ። ቀድሞ የምሁራን መጽሔት ያዘጋጅ የነበረ የሕግ ሰው ትምህርት ሚኒስቴርን ያዘ።

ይህ የትምህርት ሚኒስቴር ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሕዝቡ ከ90 በመቶ በላይ ማንበብ አይችልም ነበር። መስከረም 8 ቀን 1945፣ ነጻነት በታወጀ በስድስተኛው ቀን፣ የመሠረተ ትምህርት አዋጆች ወጡ። ትምህርቱ ግዴታ ነው፣ በነጻ ነው። ወረቀት የለም። በሙዝ ቅጠል፣ በመሬት፣ በበር ሳንቃ ላይ ይጻፋል። ፊደል የሚለየው በምሳሌ ነው። «ኦ» ክብ የዶሮ እንቁላል ናት፤ አንዷ ዘመዷ ባርኔጣ አድርጋለች፣ ሌላዋ ጢም አላት። ገበያ መግቢያ ላይ ሁለት በር ይሠራል። ሰሌዳው ላይ ያለውን ቃል ያነበበ በደህናው በር ይገባል። ያላነበበ «የዕውር በር» በተባለው ይዞራል። ሰውን ማሳፈር ነው፤ እኔ አልወደውም። ግን ሠርቷል። መንግሥት በአንድ ዓመት 2.5 ሚሊዮን ሰው ማንበብ ቻለ ይላል። ቁጥሩ ቢጋነን እንኳ ዘመቻው እውነተኛ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የፖለቲካው ጨዋታ ነው። የጃፓንን ትጥቅ ለማስፈታት 200 ሺህ ገደማ የቻይና ብሔርተኛ ጦር ሰሜኑን ሞልቶታል፤ ኮሚኒስት ማየት አይፈልግም። ኅዳር 11 ቀን 1945 ኮሚኒስት ፓርቲው ራሱን ማፍረሱን አወጀ። አልፈረሰም፤ መሬት ውስጥ ገባ። ትልቁ ሲሸሸግ የትንሹ ስም ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ። «መንግሥታችን የኮሚኒስት አይደለም፤ ይኸው ዴሞክራቶች አሉ» ማለት ተቻለ።

በጥር 1946 ምርጫ 333 ተወካዮች ተመረጡ። 70 ወንበር ደግሞ ያለ ምርጫ ለተቀናቃኝ ብሔርተኞች ተሰጠ። ይህ ምክር ቤት ኅዳር 9 ቀን 1946 የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት በ240 ድምፅ አጸደቀ፤ የተቃወሙት 2 ናቸው። አርቃቂው ኮሚቴ ውስጥ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ሰዎች ነበሩበት። ሰነዱ 70 አንቀጽ ብቻ ነው። የመናገር፣ የመጻፍና የመሰብሰብ ነጻነት አለበት። የግል ንብረት ዋስትና አለበት። ሕገ መንግሥት ሲሻሻል ሕዝብ ድምፅ ይስጥ የሚል አለበት። ዛሬም ሃኖይ ውስጥ ስለ ሕገ መንግሥት የሚከራከር ሰው ወደዚህ ሰነድ ይመለሳል። ከአንድ ወር ከአስር ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 19፣ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነቱ ፈነዳ። ሕገ መንግሥቱ በወጉ ሳይታወጅ ቀረ።

መንግሥት ጫካ ገባ፤ ፓርቲውም አብሮ ገባ። በየካቲት 1951 ኮሚኒስቱ የሠራተኞች ፓርቲ በሚል ስም ዳግም ፊት ለፊት ወጣ። በዚያው ዓመት የዴሞክራቲክ ፓርቲ ዋና ጸሐፊነት ወንበር ላይ አዲስ ሰው ተቀመጠ። በፈረንሳይ እስር ቤት ያለፈ ነው። በ1947 በሃኖይ አጠገብ የሚገኘውን የጊያ ላም አውሮፕላን ማረፊያ ያጠቃውን ለሞት የቆረጠ ጓድ የመራ ታጋይ ነው። ነባር የኮሚኒስት ፓርቲ አባልም ነው። ወደ ዴሞክራቲክ ፓርቲ የመጣውም ተመድቦ ነው። ይህን ሰው አትርሱት። መጨረሻ ላይ ይመለሳል።

የተሳካው

ፓርቲውን አሻንጉሊት ነበር ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ለኔ ግን ፍርዱ ቸኩሏል።

አንደኛ፣ ለመሰደድ ወይም ከፈረንሳይ ጋር ለማበር ያመነታ የነበረ የተማረ ሰው በዚህ በር ገብቶ አገሩን አገለገለ። የግብርና ባለሙያ፣ የሕግ ባለሙያ፣ መምህር። በኋላ ፓርቲውን 30 ዓመት የመራው ዋና ጸሐፊ ራሱ የግብርና ሰው ነው፤ ለረጅም ጊዜ የግብርና ሚኒስትር ነበር። የትምህርት ሚኒስትሩም በ1946 ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተዛውሮ እስከ 1960 ቆየ። 14 ዓመት፣ ከጫካ እስከ ሃኖይ።

ደቡብ ላይ ደግሞ ስሙ ሌላ ሥራ ሠራ። አገሪቱ በ1954 ለሁለት ከተከፈለች በኋላ፣ የሳይጎንን መንግሥት ይዋጋ በነበረው በደቡብ የነጻነት ግንባር ውስጥ የደቡብ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ተቋቋመ። መሪው ሳይጎን ውስጥ የራሱን ቢሮ ከፍቶ ይሠራ የነበረ አርክቴክት ነው። በ1969 ግንባሩ ጊዜያዊ አብዮታዊ መንግሥት ሲያቆም የዚያ መንግሥት መሪ እሱ ሆነ። ለውጭ ዓለም የሚታየው ለዘብተኛ፣ የተማረ፣ የከተማ ሰው ነው። የአብዮት ፊት እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው አይፈራም። ይህ ሰው ግን ከ1940 ጀምሮ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበር።

ስለዚህ ተሳካ ስንል ለማን ተሳካ የሚለው አብሮ ይመጣል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? እዚህ ግን ያደመቀው አበዳሪውን ሳይሆን ተበዳሪውን ነው።

ያልተሳካው

ዋናው ፈተና የመጣው በጦርነት ጊዜ አይደለም። በሰላም ጊዜ ነው።

ከ1953 እስከ 1956 የመሬት ሪፎርም ተካሄደ። በየመንደሩ ልዩ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። ባለመሬት የተባለ ሰው ሕዝብ ፊት ቆሞ ይከሰሳል፤ ፍርዱ አንዳንዴ ሞት ነው። በስህተት የተፈረጀው ብዙ ነው። በ1956 አመራሩ ራሱ ስህተቱን አመነ፤ የገዢው ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ሥልጣኑን ለቀቀ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የፍትሕ ሚኒስትሩ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ሰው ነው። ፍርድ ቤቶቹ ግን በሱ ሥር አልነበሩም፤ በዘመቻው ኮሚቴ ሥር ነበሩ። አስቡት። ሕግ ያጠና ሰው በአገሩ ትልቁ የፍርድ ዘመቻ ሲካሄድ የፍትሕ ሚኒስቴር ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ መዝገቡ ግን በሱ ጠረጴዛ አያልፍም።

ስህተቱ ከታመነ በኋላ ሃኖይ ጥቂት ወር ተነፈሰች። ጸሐፊዎች ነጻ ጋዜጣ አወጡ። ጥቅምት 30 ቀን 1956 አንድ የሕግ ፕሮፌሰር በብሔራዊው ግንባር ስብሰባ ላይ ተነስቶ ሕግ ከፖለቲካ በታች ሲውል ምን እንደሚመጣ በግልጽ ተናገረ። ታኅሣሥ ላይ ጋዜጦቹ ተዘጉ። ፕሮፌሰሩ ሥራውን አጣ። ይህ የማን ጉዳይ ነበር? የምሁሩ። ዴሞክራቲክ ፓርቲ የተፈጠረው ለማን ነበር? ለምሁሩ። ፓርቲው ግን ለነዚህ ሰዎች መጠለያ አልሆነም። ሊሆንም አይችልም ነበር፤ የቆመበት መሬት የሌላ ነው። ለኔ የፓርቲው እውነተኛ መዝጊያ 1988 አይደለም። ይህ የ1956 መጨረሻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ከ1958 እስከ 1960 የግል ንግድና ኢንዱስትሪ ወደ መንግሥትና ወደ ቅይጥ ድርጅት ተዛወረ። የሱቅ ባለቤት በገዛ ሱቁ ደሞዝተኛ ሆነ። ፓርቲው አባል የሚያገኝበት መደብ በአዋጅ ተነነ። የነዚያ ቤተሰቦች ልጆች ወደ ላይ መውጣት ሲፈልጉ ያለው መሰላል የኮሚኒስት ፓርቲ አባልነት ነው። ለምን ብለው በጎን በር ይገባሉ?

በ1960 አዲሱ መንግሥት ሲዋቀር የፍትሕ ሚኒስቴር ራሱ ቀረ። ሚኒስትሩ አልተባረረም፤ ሚኒስቴሩ ነው የታጠፈው። ሰውየው ወደ ሕግ ምርምር ሥራ ሄደ። ሚኒስቴሩ የተመለሰው በ1981 ነው። በ1980ው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 4 ደግሞ ኮሚኒስት ፓርቲው መንግሥትንና ኅብረተሰብን የሚመራ ብቸኛ ኃይል ነው ተብሎ ተጻፈ። «ብቸኛ» በሚለው ቃል ሥር ሌሎቹ ሁለት ፓርቲዎች ስምንት ዓመት ኖሩ።

1988

ታኅሣሥ 1986 ዶይ ሞይ፣ ማለትም ተሃድሶው፣ ታወጀ። ዋጋ በዓመት ከ700 በመቶ በላይ ያሻቀበበት ዘመን ነው። የግል ንግድ ተፈቀደ። በሚያዝያ 1988 መሬቱን ለገበሬው ቤተሰብ በረጅም ጊዜ የሚያስይዝ ውሳኔ ወጣ። ሃኖይ ውስጥ ሱቅ መከፈት ጀመረ።

ነገሩ ያስገርማል። ዴሞክራቲክ ፓርቲ የነጋዴውና የምሁሩ ፓርቲ ነበር። ነጋዴው ጠፍቶ 28 ዓመት ቆየ፤ ፓርቲው ኖረ። ነጋዴው ሊመለስ በሩ ሲከፈት ፓርቲው ተዘጋ።

ለምን? አንዱ መልስ ዕድሜ ነው። በ1944 ሃያዎቹና ሠላሳዎቹ ውስጥ የነበሩት መሥራቾች ሰባ ዓመት እየደፈኑ ነው። ተተኪ የለም፤ ይህ እውነት ነው። ሌላው መልስ ግን ከፖላንድ ይመጣል። ፖላንድ ውስጥም ለ40 ዓመት ያንቀላፉ ሁለት አጋር ፓርቲዎች ነበሩ። በነሐሴ 1989 ድንገት ነቁና ሶሊዳሪቲ ከሚባለው ተቃዋሚ የሠራተኞች ማኅበር ጋር አበሩ፤ ኮሚኒስት ያልሆነ ጠቅላይ ሚኒስትር የተሾመው በዚህ ነው። የቬትናም መሪዎች ይህን በ1988 አውቀው ነበር አልልም። ግን ጊዜ በተለወጠ ቁጥር የተኛ አጋር ሊነቃ እንደሚችል የማያስብ ገዢ ፓርቲ የለም። ቻይና ግን ሌላ መንገድ ይዛ ስምንቱን ትንንሽ ፓርቲዎቿን እስከዛሬ አቆይታለች።

ከጉዳዩ የሚወሰደው

ፓርቲ የሌለው ሰውም ከዚህ የሚወስደው አለ። ማኅበር፣ ሙያ ድርጅት፣ ከትልቅ ድርጅት ጋር ተጠግቶ የሚሠራ ማንኛውም ትንሽ ቡድን ያው ነው።

መጠጋት በራሱ ስህተት አይደለም። በ1944 ምሁራኑ ብቻቸውን ቢቆሙ ማንም አይሰማቸውም ነበር። መጠጋታቸው የትምህርት ሚኒስቴር ሰጣቸው፤ ከሚኒስቴሩም ማንበብ የሚችል ሰው ተገኘ። ስህተቱ ያለው ዋጋቸው ከፍ ባለበት ሰዓት አለመደራደራቸው ላይ ነው። በ1945 መጨረሻና በ1946 ትልቁ አጋር ተሸሽጎ ሳለ እነሱን አጥብቆ ይፈልጋቸው ነበር። ከሠራተኛውና ከገበሬው አባል የመመልመል መብት፣ መሪያቸውን ራሳቸው የመምረጥ መብት መጠየቅ ከነበረባቸው ያኔ ነበር። በ1951 ቢጠይቁ መልሱ የታወቀ ነው። በርግጥ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ይህን የምለው፤ እነሱ ሌሊት ሌሊት የፈረንሳይ ታንክ ድምፅ እየሰሙ ነበር።

የሁለት ቤት አባልነት ጉዳይ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ነው መነሳት ያለበት። «ይህ ሰው ሁለቱ ቤቶች ሲጣሉ የቱጋ ያድራል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሁሉም አንድ ጠላት ሲኖረው ጥያቄው ነውር ይመስላል፤ ጠላቱ ሲሄድ ግን ለመጠየቅ ይረፍዳል።

ሹመትን ከሥልጣን መለየትም አለ። አንድ ወንበር ሲሰጥህ ስሙን ሳይሆን የትኛው መዝገብ በሱ እንደሚያልፍ ጠይቅ። የፍትሕ ሚኒስትሩ ታሪክ ይኸው ነው።

ከሁሉም በላይ የማየው ግን የመሠረቱን ነገር ነው። ድርጅቱ የቆመለት ሰው ሲቸገር ድርጅቱ አጠገቡ ካልቆመ፣ ከዚያ በኋላ ጽሕፈት ቤት እንጂ ድርጅት የለም። ጽሕፈት ቤት ረጅም ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። ይኸው 32 ዓመት ኖረ።

ስሙ ዳግም ሲነሳ

አትርሱት ወዳልኳችሁ ሰው ልመለስ። ያ የአውሮፕላን ማረፊያ አጥቂ፣ ያ ተመድቦ የመጣ ዋና ጸሐፊ፣ ከዴሞክራቲክ ፓርቲ በኋላ ሞስኮ ሄዶ ተማረ፤ ተመልሶ የፍልስፍና ተቋም መሪ ሆነ። በ1960ዎቹ ከምዕራባውያን ጋር «በሰላም አብሮ መኖር» የሚለውን የሶቪየት መስመር ደገፈ። በ1967 በክለሳ፣ ማለትም የማርክስን ትምህርት በማጣመም፣ ተከሶ ታሰረ። ከዚያ በኋላ በ1981ም በ1995ም ታሰረ። ፓርቲው ሲዘጋ እሱ ከሁለተኛው እስር ከወጣ አንድ ዓመት ገደማ ነበር።

ሰኔ 1 ቀን 2006 ሰውየው ሰማንያዎቹ ውስጥ ሆኖ፣ በካንሰር ታሞ፣ ሃኖይ ውስጥ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ዳግም ሥራ መጀመሩን አወጀ። በስሙ ላይ 21ኛው ክፍለ ዘመን የሚል ተጨመረበት። አዲስ ፓርቲ ልመሥርት አላለም፤ ሕግ ያውቃል። የታገደ ፓርቲ አልነበረም፤ ሥራ ያቆመ ፓርቲ ነው፤ ስለዚህ ይቀጥላል ነው ያለው። የቀድሞ ዋና ጸሐፊ ነኝ ማለትም ይችላል፤ ነበርና። በ1951 ያ ወንበር የተሰጠው ፓርቲውን እንዲጠብቅ ነበር። ከ55 ዓመት በኋላ በዚያው ወንበር ማዕረግ በሰጪዎቹ ፊት ቆመ።

የካቲት 7 ቀን 2008 ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ከዚሁ ስም ጋር ተያይዘው ሰዎች ታሰሩ። ጥር 20 ቀን 2010 ሆ ቺ ሚን ከተማ ውስጥ አራት ሰዎች መንግሥትን ለመገልበጥ በመንቀሳቀስ ተከስሰው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ሁለቱ ከዴሞክራቲክ ፓርቲ ጋር ተገናኝተዋል የተባሉ ናቸው። አንዱ የታወቀ ጠበቃ ነው፤ 5 ዓመት ተፈረደበት። ሌላው ፈረንሳይ ኮምፒውተር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነው፤ 7 ዓመት ተፈረደበት። ችሎቱ የወሰደው አንድ ቀን ነው።